ትኬቱ «ክፍት ነው» አለኝ

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጽፍልዎ ከሌሊት ተራ ገብቼ፣ ልጆቹ ሳይነሱ ነው። አምድዎን ለዓመታት አንብቤያለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው።

ባለቤቴ ደራሲ ነው። ሦስተኛ ልብ ወለዱ ባለፈው ጥር ታትሞ ወጣ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስድስት።

መጽሐፉ የታተመው በእኔ ዕቁብ ነው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ትንሽ ለመውቀስም ነው። ሁለት ሺህ ቅጂ አሳተምን። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውን ለራሱ ይቆርጣል፤ የቀረውንም «ሲሸጥ እከፍላለሁ» ብሎ በዱቤ ወሰደው፤ እስካሁን የሰጠን ገንዘብ የአንድ ወር አስቤዛ አይሸፍንም። ስምንት መቶው ቅጂ መኝታ ቤታችን ውስጥ በካርቶን ተደርድሯል። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ግድግዳው ስለሚያልበው ከሥራቸው ጣውላ አንጥፌላቸዋለሁ። ለልጆቼ አልጋ እንዲህ አልተጨነቅኩም።

ታዲያ ከአሜሪካ ጥሪ መጣለት። እዚያ ያሉ አንባቢዎች ገንዘብ አዋጥተው ትኬት ቆረጡለት፤ ለአንድ ወር እየዞረ እንዲያነብ፣ እንዲፈርም፣ እንዲሸጥ። መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ለእግር ኳስ ውድድር ወደሚሰባሰቡበት ከተማ፤ ከዚያ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፤ ከዚያ ሚኒያፖሊስ፤ መጨረሻ ሲያትል። ሰኔ 20 ሄዶ ሐምሌ 21 ሊመለስ ነበር።

የሻንጣውን ጉድ ልንገርዎ። የተፈቀደለት ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የእሱ መጽሐፍ ሦስቱ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሙሉውን መጽሐፍ ቢሞላው መቶ ሠላሳ ያህል ይይዝ ነበር። ነገር ግን እዚያ የሚያሳርፈው ወንድሙ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አዘዘ፤ የወንድሙ ሚስት ደግሞ ኮረሪማና በሶ ጨመረችበት። ሦስት ሌሊት በሚዛን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ስልሳ አምስት መጽሐፍና ሃያ አራት ኪሎ ባልትና አሸግን። ቦሌ ስንደርስ ለካ የባዶ ሻንጣዎቹን ክብደት ረስተን ኖሯል! ምን ይውጣ ሲባል ሃያ መጽሐፍ ወጣ። ከባልትናው አንድ ግራም አልተነካም። እኔም ስሸኘው እንዲሁ ለቀልድ ያህል «ከተሳካልህ እዚያው ቅር፤ ለልጆቹ ስትል» አልኩት። መቼም ሁሉም የሚለው ነው፤ ጎረቤቶቻችንም፣ የዕድሩ ሰብሳቢም ሲሰናበቱት ይህንኑ ነበር ያሉት። ከዚያ ሃያውን መጽሐፍ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ በዝናብ ሁለት ታክሲ ተሳፍሬ ቱሉ ዲምቱ ስደርስ መሽቶ ነበር። ሦስቱ ረጥበው ተበላሹ።

ይዞት የሄደው በመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። እዚያ አንባቢው መጽሐፍ እያለ ይጠይቃል፣ እዚህ ስምንት መቶው ይሻግታል።

እኔን ያስመረረኝ ስልኩ ነው። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀሪካን ስደረድር ስልኬ ይጮኻል። እዚያ ገና የቅዳሜ ምሽት ነው፤ ከዋሽንግተን ጋር የሰባት ሰዓት ልዩነት አለን። ንባቡን ጨርሶ፣ ደስ ብሎት ነው የሚደውለው። «አዳራሹ ሞልቶ ነበር» ይለኛል። «አንድ ሽማግሌ ያንኑ ገጽ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ» ይለኛል። «ልጆቻችን ፊደል አይለዩም፣ እኛ ግን ልናበረታታህ እንገዛለን አሉኝ» ይለኛል። እኔ ባልዲ ይዤ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ከዚያ ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? «ካርቶኖቹን እርጥበት አልነካቸውም?» ስለ ልጆቹ ከመጠየቁ በፊት!

የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ልጆቹን የሚጠብቀው እሱ ነበር። እነሱ ተኝተው እሱ ይጽፋል። አሁን ለጎረቤት ልጅ እየከፈልኩ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል። ትንሹ ደግሞ ቡሄ መጣ እያለ መውጫ መግቢያ ነስቶኛል። በየዓመቱ ጅራፍ የሚገምድለት አባቱ ነው፤ ከብሎኩ ጀርባ ካለው ሜዳ ወጥተው አብረው ያጮሃሉ። «ከሱቅ እገዛልሃለሁ» ስለው «የሱቁ አይጮህም» አለኝ።

ፎቶ ይልክልኛል። በፎቶው ላይ የማላውቀውን ኮት ለብሷል። የወንድሙ ነው ይላል። የወንድሙ ሚስት ደግሞ ባለፈው ስትደውል «አንቺ ነርስ ነሽ፣ እዚህ ብትሆኚ እኮ…» ብላ ጀምራ ተወችው። የሐምሌ 21 ትኬት ወደ ነሐሴ 6 ተዛወረ፤ አንድ ከተማ ስለተጨመረ ነው አለኝ። ባለፈው ሰኞ የሚደርስበትን ሰዓት ስጠይቀው «ትኬቱ ክፍት ነው» አለኝ። ክፍት ነው ማለት ምን ማለት ነው? እኔ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላብራራልኝም። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ውሃ ብቻ ነው።

እትዬ፣ ቁርጡን ንገረኝ ልበለው ወይስ ዝም ልበል? ብናገር ዕድሉን ያበላሸሁበት እኔ እሆናለሁ። ዝም ብል ደግሞ እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

የደራሲው ሚስት
ከኮዬ ፈጬ


ልጄ፣

ስለ ውሃው፣ ስለ አከፋፋዩና ስለ ዕቁቡ የምጨምርልሽ የለኝም። እኔን ቀጥ አድርጋ ያቆመችኝ ከሻንጣው ታሪክ መሀል የሸጎጥሻት አንዲት ቃል ናት። «ከተሳካልህ እዚያው ቅር፤ ለልጆቹ ስትል።» በባልትናውና በዝናቡ መካከል ጣል አድርገሻት፣ ታክሲ ተሳፍረሽ ሄድሽ። በርበሬውን በግራም የመዘንሽ ሴት ይህችን ሳትመዝኚ አሳለፍሻት።

ለቀልድ ያህል ነው አልሽኝ። ሳቀ ወይ? አልጻፍሽልኝም። የካርቶኑን ጣውላ ሳይቀር የጻፍሽልኝ ሰው፣ ባልሽ ስቆ ቢሆን ኖሮ ያንን አትዘነጊም ነበር።

እስቲ ያንን ቀን በእሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ጎረቤቱ «እዚያው ቅር» ብሎታል። የዕድር ሰብሳቢው «ቅር» ብሎታል (የዕድር ሰብሳቢ ቀባሪ ሲጎድልበት ደስ የሚለው ከመቼ ወዲህ ነው?)። በመጨረሻ፣ በሩ ላይ፣ ሚስቱ «ቅር» አለችው፤ ያውም ልጆቹን ምክንያት አድርጋ። «ቶሎ ና» የሚል አንድ ሰው ሳይሰማ አውሮፕላን ላይ ወጣ። አሁን ትኬቱን ሲያራዝም አኮረፍሽ። ሰውየው እየታዘዘሽ ቢሆንስ?

ይህ «ቅር» የሚሉት ነገር እንደ ምርቃት ከአፋችን ይወጣል፤ ስንሸኝ ካላልነው ክፉ የተመኘን ይመስለናል። እኔ አልወደውም። የሚያስከትለውን በቦሌ በር ላይ የሚናገር ስለሌለ እኔ ልንገርሽ። በመጀመሪያ አትደንግጪ፤ በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወር እንዲቆይ ይፈቀድለታልና ባልሽ ሁለት ሳምንት ስለጨመረ ሕግ ጣሰ ማለት አይደለም። ልቅር ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ካመለከተ በኋላ ወደ አገሩ ቢመለስ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ሚስቱንና ልጆቹን መጥራት የሚችለው ሲፈቀድለት ነው፤ ወረፋውም የሚቆጠረው በዓመታት ነው። በዚያ ላይ ጥገኝነት የሚሰጠው በአገሩ መሳደድ ለሚያሰጋው ሰው ነው፤ የኮዬ ፈጬ ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት መምጣቱ ከመሳደድ አይቆጠርም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅሽ አባቷን በአካል የምታየው ጡት አውጥታ፣ ቁመቷ አንቺን በልጦ ሊሆን ይችላል። «ለልጆቹ ስትል» ያልሽው ይህንን ነው።

ከዚህ በላይ ሳልቆጣሽ የራሴን ልንገርሽ። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ውጭ ሲሄድ «እንዳትመለስ» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ምክንያት ነበረኝ፤ ያንቺ ዓይነት ቀልድም አልነበረም። ቀረ። እናታችን ስትሞት ለቅሶውን የተቀመጠው በስልክ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለዕረፍት መጥቶ፣ ሳሎኔ ውስጥ ቡና እየጠጣን፣ «ደርግ ሲወድቅ ልመለስ አስቤ ነበር እኮ፤ ግን ማንም ና አላለኝም» አለኝ። ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። እውነቱን ነበር። «እንዳትመለስ» ያለች አፌ ዘመኑ ሲለወጥ «ና» ማለትን ረስታው ነበር። እንግዲህ ሚዛናዊ ምክር ከፈለግሽ የተሳሳተ አምድ ላይ ጽፈሻል።

«ደራሲ የትም ሆኖ ይጽፋል» የሚልሽ አይጠፋም። ሐሰት አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው፤ ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም የሚኖሩት እዚያው ጣሊያን አገር ነበር። ያም ሆኖ ባልሽ በስልክ የነገረሽን መልሰሽ ስሚው፤ «ልጆቻችን ፊደል አይለዩም።» አዳራሹን የሞላው ጆሮ ነው። ጆሮን አልንቅም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ምጣድ ላይ እንጀራ ያሳረርኩ ሰው ነኝ። እነዚያ ሽማግሌ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ማስነበባቸው ለባልሽ ከመቶ ቅጂ ሽያጭ ይበልጥበታል፤ ይብለጥበትም። ነገር ግን ያ ገጽ የተጻፈው የት ነው? ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ልጆቹ በተኙበት፣ አንቺ ተራ በገባሽባቸው ሌሊቶች። በወንድም ቤት ሶፋ ላይ፣ የማታ ሥራ እየሠሩ፣ አራተኛው መጽሐፍ መቼ እንደሚጻፍ የሚነግረኝ ካለ ልስማው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማሁሽም። አንቺን ያስቆጣሽ የካርቶኖቹ ጥያቄ እኔን ደስ አሰኝቶኛል። ለመቅረት የቆረጠ ሰው የመኝታ ቤት እርጥበት ምን ይገደዋል? በቀጥታ «ልምጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አፍሮ በካርቶን በኩል እያንኳኳ ይመስለኛል። በዚህ ልሳሳት እችላለሁ። በኮቱ ግን አልሳሳትም፤ የወንድሙ ነው። ሰው ፊት ቆሞ የሚያነብ ሰው ኮት ይዋሳል።

«ቁርጡን ንገረኝ» አትበይው። ይህ ገንዘቡ የዘገየበት አበዳሪ የሚናገረው ነው፤ አንቺ ደግሞ በእርግጥም አበዳሪው ስለሆንሽ ቃሉ ይከብድበታል። የዕቁቡን ሂሳብ ሲመጣ ታነሺዋለሽ፤ ያን ጊዜ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ፤ ከባልትናው በፊት መጽሐፉን ከሻንጣ ያወጣበትንም ጭምር እንጠይቀዋለን። በወንድሙ ሚስት በኩል አትላኪበት። በጽሑፍ መልእክትም አይሁን፤ ድምፅሽን ይስማው። ልጁንም ስልክ ላይ አታቅርቢው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሽማግሌ ሆኖ አይላክም። የጅራፉን ነገር አንቺው ንገሪው፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው በይው፣ የሱቁ አይጮህም ተባልኩ በይው።

ከዚያ ቦሌ ላይ ያልሽውን መልሺ። «እዚያው ቅር ያልኩህ ቀልድ ነበር፤ ቀልድ ባይሆንም አንስቼዋለሁ። ና።» ዕድሉን አበላሸሁበት ብለሽ ትፈሪያለሽ። የምታበላሺው ነገር የለም፤ እስከ ዛሬ «ቅር»ን ብቻ ሰምቷል፣ «ና»ንም ሰምቶ ይምረጥ። ቢቀር እንኳ ማንም አልጠራኝም የሚል ምክንያት አይኖረውም፤ አንቺም በእኔ ዕድሜ ሲኒ ይዘሽ አትቀሪም።

ለእሑድ አጥቢያ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮኽ ባልዲውን አስቀምጪው። ጀሪካኑ ሞልቶ ቢፈስም ይፍሰስ።