የተራራቁ የአቶም ሰዓቶች በሳተላይት የሚናበቡት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ የአቶም ሰዓት ያላቸው ቤተ ሙከራዎች ሰዓታቸውን በሺዎች ኪሎ ሜትር ከሚርቅ የጊዜ መለኪያ ጋር የሚያመሳክሩት በጂፒኤስ ሳተላይቶች አማካይነት መሆኑን አንብቤአለሁ። ይሁንና ምልክቱ ምድር እስኪደርስ ይዘገያል፤ የሳተላይቱ ሰዓትም የራሱ ስሕተት አያጣም። ታዲያ እስከ ናኖሰከንድ የሚወርደው ትክክለኛነት ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ጥያቄዎ የጉዳዩን ዋና ቋጠሮ የያዘ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚጓዘው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን የጂፒኤስ ሳተላይቶች ግን 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ ምልክታቸው እኛ ዘንድ ለመድረስ ቢያንስ 67 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሳተላይቱና የአንቴናው ሥፍራ በጥንቃቄ ከታወቀ ይህ መዘግየት በስሌት ይቀነሳል።

የሳተላይቱ ሰዓት ስሕተት የሚወገድበት ዘዴ ግን እጅግ ያማረ ነው። አሜሪካውያኑ የፊዚክስ ባለሙያዎች ዴቪድ አለንና ማርክ ዋይስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረቡት በዚህ የጋራ እይታ ዘዴ፣ ሁለቱ ቤተ ሙከራዎች አንዱን ሳተላይት በተመሳሳይ ቅጽበት ይከታተሉና እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰዓት ከሳተላይቱ ሰዓት በስንት ናኖሰከንድ እንደሚለይ ይመዘግባሉ። ከዚያም መዝገባቸውን ተለዋውጠው አንዱን ከሌላው ሲቀንሱ፣ በሁለቱም ውስጥ እኩል የገባው የሳተላይቱ ስሕተት ይሰረዝና የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ብቻ ይቀራል። ሳተላይቱ ትክክለኛውን ሰዓት እንዲናገር አይጠበቅበትም፤ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መታየቱ ይበቃል።

ከባቢ አየር የሚያስከትለው መዘግየት ግን ሙሉ በሙሉ የሚሰረዘው ቦታዎቹ ሲቀራረቡ ነው፤ በጣም ሲራራቁ እያንዳንዳቸው ሳተላይቱን የሚያዩት በተለያየ የአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበት የላይኛው ከባቢ አየር) ክፍል በኩል ይሆናል። አዮኖስፌር ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ይበልጥ ስለሚያዘገይ፣ በ1575.42 እና በ1227.60 ሜጋኸርዝ የሚላኩት ምልክቶች በመድረሻ ጊዜያቸው ሲነጻጸሩ መዘግየቱ ራሱ ይለካል።

በእኔ ግምት ትልቁ ድካም ያለው ከዚህ ሁሉ ይልቅ በክፍሉ ውስጥ ባለው መሣሪያ ላይ ነው። አንድ ሜትር የአንቴና ገመድ 5 ናኖሰከንድ ያህል ስለሚያዘገይ፣ የ30 ሜትር ገመድ ብቻውን 150 ናኖሰከንድ ይጨምራል። የዚህ ዓይነቱ ስሕተት በየቀኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ንባቦችን ለዓመት ቢያማክሉትም አይጠፋም። መፍትሔው መዘግየቱ አስቀድሞ የተለካ አንድ መቀበያ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ እያጓጓዙ፣ ከየቦታው መቀበያ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ነው።

ርቀው ከሚገኙት መለኪያዎች ዋነኛው፣ በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሚዛንና የልኬት ቢሮ ከ400 በላይ ሰዓቶችን አማክሎ የሚያሰላው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት) ነው። ቢሮው የየቤተ ሙከራውን ልዩነት በየወሩ ያሳውቃል። የአንድ ጊዜ የሳተላይት ንባብ በጥቂት ናኖሰከንዶች ስለሚዋዥቅና ጥሩ የሲዚየም ሰዓት (በሲዚየም አቶሞች የሚሠራ የአቶም ሰዓት) በአጭር ጊዜ ውስጥ ከንባቡ ይልቅ የረጋ ስለሆነ፣ ቤተ ሙከራው በየንባቡ ሰዓቱን አይነካም፤ የብዙ ቀናትን ንባብ አማክሎ የሰዓቱን ፍጥነት በጥቂት በጥቂቱ ያርመዋል።