መድኃኒቱን ስተው የመጣብኝ ሕመም መንፈስ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለሁለት ዓመት የድብርት መድኃኒት ስወስድ ቆይቻለሁ፤ ሰርትራሊን የሚባለውን፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም። ደህና ስለሆንኩ ሐኪሜ «ቀስ እያልን እናቆማለን» ብሎ ወደ 50 አወረደልኝ። ያኔ ብዙም አልተሰማኝም። በዚህ መሀል አክስቴ እንጦጦ ጠበል ወሰደችኝና «ክኒን እየዋጥሽ ጠበሉ እንዴት ይሠራልሻል?» አለችኝ። በአንዴ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ያዞረኝ ጀመር። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ጭንቅላቴን ኮረንቲ እንደያዘው ይነዝረኛል። አስፈሪ ሕልም አያለሁ። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ፤ ባለቤቴ ላይ እጮኻለሁ። አክስቴ «ሊወጣ ሲል ነው የሚታገልሽ፣ በርቺ» ትለኛለች። እውነት መንፈስ ነው? ወደ መድኃኒቱ ብመለስ እምነት ማጣት ይሆንብኛል? ጾሙንና ቁርባኑንስ እንዴት ላድርግ?
እኅትዎ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለሐኪምሽ ደውዪ። በአንዴ እንዳቆምሽ፣ ስንት ቀን እንደሆነሽ፣ ምን ምን እንደሚሰማሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ወደ ነበርሽበት መጠን ይመልስሽ ወይስ ሌላ መንገድ ይፈልግ፣ እሱ ያውቃል። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ብቻሽንም አትሁኚ። በዚያው ሰዓት ሰው ይዞሽ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እርኩስ መንፈስ የለም አልልሽም፤ ወንጌልን የሚያነብ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ነገር ግን ቀኑን ቁጠሪ። መቼ ጀመረሽ? ክኒኑን በተውሽ በሦስተኛው ቀን። መንፈስ የክኒን ቀጠሮ ጠብቆ አይመጣም። ጌታ «በጸሎትና በጾም ካልሆነ አይወጣም» ያለው ወገን ደግሞ በ50 ሚሊ ግራም ክኒን ጸጥ የሚል ከሆነ፣ እኔ ያልተማርኩት ነገር አለ ማለት ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪም የሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድም አለን። ስለዚህ ነገር ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። እንደነገረኝ፣ አእምሮ መድኃኒቱን ለምዶ ሥራውን ከእሱ ጋር አስተካክሎ ይኖራል። በድንገት ሲቀርበት ሚዛኑን እስኪያገኝ ይንገዳገዳል። ማዞሩ፣ ማቅለሽለሹ፣ ላቡ፣ የእንቅልፍ መቃወሱ፣ ቁጣው፣ ያ ኮረንቲ የመሰለው ንዝረት ሁሉ ሐኪሞች የሚያውቁት ነው። ሱሰኛ ሆንሽ ማለትም አይደለም። የድብርቱ መመለስ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ይህኛው ግን ባቆሙ በቀናት ውስጥ ከተፍ ይላል፤ መድኃኒቱ ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይረግባል። ከመድኃኒት መድኃኒትም ይለያያል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት ራሱን በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን ግን ቶሎ ስለሚወጡ ያስቸግራሉ።

አንድ ያልጠበቅኩትንም ነገረኝ። የሚከብደው የመጨረሻው ቅነሳ ነው። ትንሿ መጠን አእምሮ ላይ የምትሠራው ሥራ ከሚሊ ግራሟ በላይ ነው። ስለዚህ ከ100 ወደ 50 መውረድና ከ50 ወደ ባዶ መውረድ በቁጥር እኩል ቢሆኑም ለሰውነት እኩል አይደሉም። ሐኪምሽ «ቀስ እያልን» ያለሽ ለዚህ ነው። ከእንጦጦ በእግርሽ ወርደሽ ታውቂያለሽ መቼም። ጉልበት የሚብረከረከው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ታች ሽሮ ሜዳ ስለታየን አንሮጥም።

እምነት ማጣት ነው ወይ ላልሽው፣ ኤልያስን አስቢ። በቀርሜሎስ ላይ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ከዚያ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሸ፤ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ። እምነት ጎድሎት ነው እንዳንል እሳቱ ገና አልበረደም። መልአኩ መጥቶ ምን አለው? አልገሠጸውም። «እንዲህ ዓይነት ነቢይ አለ?» አላለውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ዳግመኛ ቀሰቀሰውና መንገድህ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀን ወደ ኮሬብ የተጓዘው። እኔ ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ሥጋውን ማሰቡ ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። ለሕዝቅያስ ሕመም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስደርጎለታል። በ1999 ዓ.ም. ብዙ ሕሙማን ጠበል ገብተው የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ሲተዉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ከጠበሉም ጋር እንደማይጣላ በይፋ ተናግረዋል። ለደም መድኃኒት የተፈቀደው ለአእምሮ መድኃኒት የሚከለከልበትን ምክንያት እኔ አላውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ። እኔም ዲያቆን ሳለሁ እንደ አክስትሽ እናገር ነበር። አንድ ወንድም በኔ ምክር መድኃኒቱን ጣለና ሦስት ወር ሳይሞላ ክፉኛ ታመመ። ዛሬ ደህና ነው፤ ሳገኘው ግን አሁንም አንገቴን እደፋለሁ።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። የምትቆርቢ ከሆነ 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከል አለ። ክኒንሽን ማታ የምትወስጂ ከሆነ ከዚህ ጋር ይጋጫል። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ስለሆነ ወደ እኩለ ቀን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። እሑድ ጠዋት ለምትቆርቢው ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ የወሰድሽው አያውክሽም፤ የእሑዱን ደግሞ ቆርበሽ ከተመለስሽ በኋላ ትወስጃለሽ። ለቁርባን ብለሽ አንድ ቀን መዝለል ግን አይሆንም። ነገሩ ካልተመቸ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። መድኃኒት እንደምትወስጂ ካላወቁ እንዴት ይመክሩሻል? ብዙ ሰው ኃጢአቱን ሁሉ ተናግሮ ክኒኑን ይደብቃል።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፈቃድ አላት፤ ፈቃዱ የሚመጣው ግን በንስሐ አባት በኩል ነው። በባዶ ሆድ ማቅለሽለሹ ከባሰብሽ ከሰዓቱ ቀደም ብለሽ የጾም ምግብ ቅመሺ ሊሉሽ ይችላሉ። ስግደት እያዞረሽ አይሆንም፤ ወድቀሽ ብትጎጂ ማንም አይጠቀምም። እስኪያልፍልሽ ቆመሽ ወይም ተቀምጠሽ ጸልዪ። በነገራችን ላይ፣ ሐኪምሽ ቅነሳውን እንደገና ሲጀምር ዐቢይ ጾም እንዳይሆን ንገሪው። ሕማማት ላይ ሰውነት በእንቅልፍ ማጣትና በረሃብ ሲደክም የመድኃኒት ቁልቁለት አይጨመርበትም።

ንዝረቱ ሲመጣብሽ ረጅም ጸሎት አትጀምሪ፤ ቃሉ ስለሚጠፋብሽ ጸሎት ያቃተሽ ይመስልሻል። አቡነ ዘበሰማያት በቂ ነው። ከቻልሽ መቁጠሪያ ይዘሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ውዳሴ ማርያምም የዕለቱን ብቻ። ለባለቤትሽ ደግሞ ዛሬ ማታ አስረጂው። «አንተን ጠልቼ አይደለም፣ መድኃኒቱን በድንገት ስለተውኩ ነው» በዪው። ሳያውቅ ቂም እንዳይዝ።

ጠበሉን አትተዪው። አክስትሽንም አትቆጫት፤ ወድዳሽ ነው። ማዞሩ ሲያልፍልሽ እንደገና አብራችሁ ውጡ። ተጠምቀሽ ስትወጪ የምትበዪው ዳቦና ክኒንሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁኑ። ስትውጪ አክስትሽ ትይሽ።