መልስ፦ መስኮት ለማጽዳት በገመድ ስወርድ አንድ ገመድ ይበቃል ወይ?

"ገመዱ ወፍራም ከሆነ አንድ አይበቃም ወይ?" ላልከው፣ አይበቃም ወንድሜ። ሁለት ነው የሚያስፈልግህ፤ አንዱ የምትወርድበት፣ ሌላው እሱ ቢከዳህ የሚይዝህ። ሁለቱንም አንድ ብረት ላይ ካሰርካቸው ግን ብረቱ ሲነቀል ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ የጣሪያው ጠርዝ ነው። ወዲያ ወዲህ ባልክ ቁጥር ገመዱ እዚያ ላይ ይፋተጋል፣ ሽፋኑ ይላጥና የውስጡ ነጭ ክር ብቅ ይላል፣ አንተ ደግሞ ታች ሆነህ መስታወት እየወለወልክ ነው፣ አታየውም። ጠርዙን ሳታለብስ እንዳትወርድ። አሲድ ያለው ማጽጃም የናይለን ገመድ ይበላል።

ባልዲህንና መጥረጊያህን እሰር፣ ከታች መተላለፊያውን አጥር፣ ንፋስ ከበረታ አቁም (አለቃ ቢቆጣም)። ራሱን ስቶ የተንጠለጠለን ሰው ቶሎ ማውረድ የሚችል ባልደረባ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አትጀምር፤ ሳይንቀሳቀሱ ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት ብቻውን ሊገድል ይችላል።