«ሦስት ሳምንት ለፋሁ፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ አራት ኪሎ ቢሮ ነው የምሠራው። ክብደቴ 82 ኪሎ ነበር። ለስላሳና ስኳር አቁሜ፣ እንጀራ ቀንሼ፣ ከሥራ ስወጣ እስከ ፒያሳ በእግሬ መሄድ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ቀጥ አለ፤ ባለፈው ሐሙስ ጭራሽ 600 ግራም ጨምሬ 80.6 ሆንኩ። በየቀኑ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ነው የምመዘነው። ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ከሚዛኑ እንጀምር። እኔም አንድ ቀን በዚያው ሰፈር ሳልፍ ተመዘንኩ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ልጅ አገኘሁና እሱም ጋ ወጣሁበት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 2 ኪሎ ጨምሬ ቁጭ! የልጁ ሚዛን አንድ እግሩ የተነቀለ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ላይ ነበር። አንቺ ደግሞ ምሳ በልተሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ፣ ጫማሽን አድርገሽ ነው የምትወጪበት። 600 ግራም ማለት እኮ ሁለት ብርጭቆ ውኃና አንድ ማኪያቶ ነው።

የመጀመሪያዋ 2 ኪሎም ብዙዋ ውኃ ነበረች፣ አትቀየሚኝ። ሰውነታችን ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ስኳር ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ስትቀንሺ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፣ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚደሰተውና በሁለተኛው የሚናደደው። አሁን ተራው የስቡ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቸኩልም። 1 ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ በቀን 500 ብትቀንሺ በሳምንት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። አንቺ በሦስት ሳምንት 1 ኪሎ ከ400 ግራም ወርደሻል። የቱ ላይ ነው ያልተሳካልሽ?

በዚያ ላይ አዲስ እግር ጉዞ የጀመረ ጡንቻ ውኃ ይይዛል፤ የወር አበባ ሲቃረብም፣ ጨው ሲበዛም እንደዚሁ። ረቡዕ ማታ ምን በላሽ? የጾም ምግብ አያወፍርም የሚባለውን ደግሞ እርሽው፤ ሽሮው ላይ የምትፈስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ናት።

ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰሽ፣ ቁርስ ሳትበይ፣ በአንድ ሚዛን ተመዘኚ። ወገብሽን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪና ጻፊው፤ ሚዛኑ ዝም ሲል ቀሚሱ ይናገራል። ከ82 ኪሎ 4 ኪሎ ብቻ መቀነስ እንኳ ለደም ግፊትና ለስኳር ጥሩ ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ግን መንገዱ አጭር ነው፤ መጀመሪያ የስድስት ኪሎን ዳገት ትንሽ ወጣ ብለሽ ተመለሽ፣ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ይሙላልሽ። ማቅጠኛ ሻይ የሚሸጡልሽን አትስሚ፤ የሚያስወጡሽ ተቅማጥና ገንዘብ ነው።

በትክክል ይዘሽው ሦስት ወር ሙሉ ምንም ካልተነቃነቀ፣ ወይም ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት ካለሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ምርመራ አድርጊ። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስጂ ከሆነም ንገሪያቸው፤ አንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል፣ በሌላ ዘዴ መቀየር ይቻላል።