መልስ፦ በፖስተር ብቻ ቪየና መሄድ ያዋጣል?

እህቴ፣ «በአውሮፓ የጂኦሳይንስ (የምድር ሳይንስ) ኅብረት ጉባኤ ላይ የቃል ገለጻ ሳይሆን ፖስተር፣ ማለትም ጥናቴን በትልቅ ገጽ አሳትሜ ሰቅዬ ፊቱ ቆሜ ማስረዳት፣ ነው የተፈቀደልኝ፤ ለዚህ ብዬ ቪየና ድረስ ልሂድ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሂጂ እላለሁ።

እኔም ወደዚሁ ጉባኤ የሄድኩት በፖስተር ነበር፤ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በቃል የሚያቀርብ ሰው ጥቂት ደቂቃ ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት ይወርዳል። ፖስተርሽ ፊት ግን ሰው ቆሞ ይሞግትሻል። የእኔ ጥናት በአፋር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተስፋፍቶ ገብቶ፣ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር እንዳራራቃት ታውቂያለሽ። ያንን ክስተት በሳተላይት ራዳር ያጠኑ ሰዎች ካርታዬ ፊት ቆመው፣ የስህተት መጠኑን እንዴት እንደገመትኩ በጥያቄ አፋጠጡኝ። አላበኝ። ወደ አገሬ ስመለስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩ፤ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ የማላፍርበት ምዕራፍም እሱ ነው።

ፖስተሩን በጨርቅ አሳትሚው፤ እንደ ነጠላ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እኔ የወረቀቱን ጥቅል አውሮፕላን ውስጥ ረስቼ በማግስቱ በውድ ዋጋ አሳትሜያለሁ። የቪዛ ቀጠሮ ዛሬውኑ ያዢ። ማረፊያሽን አዳራሹ አጠገብ አትፈልጊ፤ በዩ1 የምድር ባቡር መስመር ላይ ራቅ ብሎ ያለው ይረክሳል።

ሁሉንም ገለጻ ልስማ ብለሽ ከአዳራሽ አዳራሽ አትሩጪ። በቀን ሦስት ወይም አራት ይበቃሻል። ቡናው ግን እንደ ቤታችን አይደለም፤ ስኒው ትልቅ፣ ወጉ ትንሽ ነው።