አመድ ላይ ወይን የሚበቅልባት ደሴት፦ ስለ ላንዛሮቴ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ላንዛሮቴ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሰሞኑን «ለዕረፍት ወደዚያ ያሰባችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌ የማውቀውን መልሻለሁ። ዓመቱም ሰዓቱም በፈረንጅ ነው። ጠዋት 9 ሰዓት ካልኩ የእኛ 3 ሰዓት ነው። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ጀልባ አምልጦታል፤ ኋላ ጥፋቱ የኔ እንዳይሆን።

«ወንድሜ፣ ደሴቷ የት ነው ያለችው? ስፔን ነው ይሉኛል፣ ካርታ ላይ ግን አፍሪካ ጎን ነው የማያት።»

ሁለቱም ልክ ነው። ግዛቷ የስፔን ነው፤ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት። ከሞሮኮ ጠረፍ የምትርቀው ግን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከፍራንክፈርት በአውሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ርዝመቷ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከጫፍ ጫፍ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሰዓቷ ከማድሪድ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ዋና ከተማዋ አሬሲፌ ትባላለች፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው አጠገብ ነው።

«መቼ ልሂድ? ክረምቱ መሮኛል፣ ፀሐይ ብቻ ነው የምፈልገው።» (ከስቶክሆልም)

እህቴ፣ ለአንቺማ ጃንዋሪም ይሆናል። ቀን ቀን 20 እና 21 ዲግሪ ነው። ማታ ሹራብ ትፈልጊያለሽ። በበጋ 28 እና 29 ይደርሳል፤ ግን ጁላይ ላይ ንፋሱ ይበረታል። ፀሐዩ ሲያቃጥልሽ በንፋሱ ምክንያት አይታወቅሽም፣ ማታ መስታወት ስታዪ ነው የሚገባሽ። የኛ ቆዳ አይቃጠልም የሚሉሽን አትስሚ፤ ክሬም ያዢ። አልፎ አልፎ ደግሞ ከሰሃራ አቧራ ይመጣል፣ ካሊማ ይሉታል። ሰማዩ ቡናማ ይሆንና ጉሮሮ ይከረክራል። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን እንዳይረሳ።

እኔ ከሁሉ የምወደው የገናን ሰሞን ነው። ስፔኖች ጃንዋሪ 5 ማታ የሰብአ ሰገልን ሰልፍ ያወጣሉ። ሦስቱ ነገሥታት በአሬሲፌ ጎዳና እያለፉ ለልጆች ከረሜላ ይበትናሉ። በነጋታው በዓል ነው፣ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ማለትም የእኛ ገና ዋዜማ ላይ ከተማው በሙሉ በዓል ላይ ነው። ልጆቼ ይህን ሰልፍ ካዩ በኋላ የጀርመኑን ገና ረስተውታል።

«ዝናብ የለም ይባላል። ታዲያ በምን ይኖራሉ?»

በዓመት ከ150 ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚዘንበው። አዲስ አበባ በኦገስት ወር ብቻ ከዚህ ይበልጥ ይዘንባል። የቧንቧው ውሃ ጨው ወጥቶለት የተጣራ የባሕር ውሃ ነው። ለመጠጥ የታሸገ ግዙ፣ ሌላው ችግር የለውም።

«መኪና መከራየት የግድ ነው? እኔ ሆቴል ቁጭ ብዬ ባሕር ማየት ይበቃኛል።»

ቁጭ ብለህ ባሕር ለማየትማ ከዚህ የሚቀርብ አለ። ላንዛሮቴን የሚለያት መሬቷ ነው፤ መሬቷን ለማየት ደግሞ መኪና ያስፈልጋል። አውቶቡስ አለ፣ እዚያ «ጉዋጉዋ» ነው የሚሉት፣ ትልልቆቹን ከተሞች ያገናኛል። የሚያምሩት ቦታዎች ዘንድ ግን ወይ አይደርስም ወይ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚያልፈው። ሰባት ቀን ካለህ ቢያንስ ለአራቱ መኪና ተከራይ።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርህ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ኤል ጎልፎ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር መኪና አቆምኩ። በሩን ከፈት እንዳደረግኩ ንፋሱ ከእጄ ነጠቀው። ማጠፊያው ጓ ብሎ ተጣመመ። ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ውሉን ሳነበው ለካስ በንፋስ የተጎዳ በር አይመለከተንም የምትል አንዲት መስመር አለችበት። 380 ዩሮ ከፈልኩ። ስለዚህ መኪናህን ስታቆም አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙረው። ያኔ ንፋሱ በሩን ይዘጋዋል እንጂ አይገነጥለውም። በሩንም በሁለት እጅህ ያዝ።

«የትኛው ከተማ ልረፍ?»

ልጆች ካሉህ ፕላያ ብላንካ። ወጣቶች ሆናችሁ ማታ ማታ መውጣት ካማራችሁ ፑዌርቶ ዴል ካርሜን። ኮስታ ቴጊሴ መሀል ሰፋሪ ናት፤ ለሰሜኑም ለደቡቡም ትቀርባለች። እኔ አሬሲፌን እወዳለሁ፣ የቱሪስት ሳይሆን የነዋሪ ከተማ ስለሆነች።

«ስለ እሳተ ገሞራው ንገረን። አሁንም ይፈነዳል? ልጆች ይዤ ነው የምሄደው።» (ከዋሽንግተን)

አይዞሽ፣ ተኝቷል። ትልቁ ፍንዳታ የጀመረው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1730 ማታ ነው። ከዚያ እስከ 1736 ድረስ፣ ወደ ስድስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አላቆመም። የያይሳ መንደር ቄስ የነበሩት አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ ያዩትን በየጊዜው ይጽፉ ነበር፤ ማታ በሦስትና በአራት ሰዓት መካከል (በእኛ ሰዓት) ምድር ድንገት እንደተከፈተች የምናውቀው ከእሳቸው ነው። መንደሮች ተቀበሩ። ለም የነበረው እርሻ ጠፋ። ብዙ ሰው ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ተሰደደ። በ1824 ደግሞ አነስ ያለ ፍንዳታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል።

ቦታው ዛሬ ቲማንፋያ የተባለ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ከ1974 ጀምሮ። በገዛ መኪናሽ ገብተሽ መዞር አይቻልም። አቁመሽ በእነሱ አውቶቡስ 14 ኪሎ ሜትር ይዞሩሻል፤ መውረድ የለም። ከዚያ በፊት ግን ለልጆች የማይረሳው ነገር አለ። አስጎብኚው ከመሬት በአካፋ ጠጠር ይዝቅና እጅሽ ላይ ያደርግልሻል። ትጥይዋለሽ፣ ያቃጥላል። ቀጥሎ ደረቅ ጭራሮ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምራል። ክብሪት የለ፣ ምን የለ፣ ጥቂት ቆይቶ ቦግ ይላል። መጨረሻ ላይ ባልዲ ውሃ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ያፈስና ዘወር ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሳትይ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ፏ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ትንሹ ልጄ ሮጦ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ነው የገባው። እዚያው ያለው ምግብ ቤት ሥጋና ዶሮ የሚጠብሰው በዚሁ ከምድር በሚወጣ ሙቀት ነው።

ጠዋት ሲከፈት ድረሱ። እኩለ ቀን ላይ የመኪናው ሰልፍ ትዕግሥት ያስጨርሳል። በእግር መሄድ ለሚወድ ደግሞ ቮልካን ዴል ኩዌርቮ የተባለው አለ። ክፍያ የለውም፤ በተሰነጠቀው ጎኑ አልፎ እሳተ ገሞራው ሆድ ውስጥ ይገባል።

የሰው ሀገር ሆኖ የሚያውቁት መሬት ማየት ይገርማል። ወደ አዋሽ ስትወርዱ መተሐራ ጋ፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ፣ መንገዱ የሚሰነጥቀው ያ ጥቁር ድንጋይ ትዝ ይላችኋል? እሱን ነው የሚመስለው፤ ግን ማለቂያ የለውም። ግመልም አለ፣ ቱሪስት ጭኖ ተራራ የሚወጣ። የአፋርን ግመል ላየ ሰው ግን ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል።

«አመድ ላይ ወይን ያበቅላሉ ስትል ሰምቼ አላመንኩህም።»

እኔም ሳላይ አላመንኩም ነበር። ቦታው ላ ሄሪያ ይባላል። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር መሬት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ድስቶች የተቀበሩ ይመስላል። ቀረብ ስትል እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ የወይን ግንድ ተኝቷል። ጉድጓዱን በአንድ ወገን በግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ ከበውታል። ካቡ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን ንፋስ ይከለክላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አመዱ የድሮውን አፈር ቀበረው እንጂ አላጠፋውም። ገበሬዎቹ አመዱን ሰንጥቀው ቆፍረው ከሥር ያለው አፈር ላይ ደረሱና ተከሉ። ከላይ ያለው ጥቁር ጠጠር እንደ ስፖንጅ ነው፤ የሌሊቱን እርጥበት ይቀበላል፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ እንዳትመጠው ይሸፍነዋል። እርሻቸውን ያጠፋው ያው አመድ ውሃ ጠባቂ ሆነላቸው ማለት ነው። አንድ ግንድ ለብቻው ይህን ያህል ቦታ ስለሚይዝ ምርቱ ጥቂት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ትራክተር አይገባም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ወይኑ ማልቫሲያ ይባላል፣ ነጭ ነው። መንገድ ዳር ያሉት መጥመቂያዎች ያስቀምሱሃል። ኤል ግሪፎ የሚባለው ከ1775 ጀምሮ ያለ ነው። የሚነዳው ሰው አይቅመስ።

አንድ ሽማግሌ በጠባብ ዶማ መሰል ነገር ከአንድ ጉድጓድ የወደቀ ጠጠር ሲጠርግ ቆሜ አየሁት። አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲዞር ወገቡን ያዘ። ከፊቱ የቀረውን ቆጥሬ አልጨረስኩም።

«ምግቡስ? ጾም ላይ ብደርስ ምን እበላለሁ?»

ጾመኛ አይራብም። የባሕር ውሃ ያህል ጨው ባለው ውሃ ተቀቅሎ ልጡ የተጨማደደ ትንንሽ ድንች አለ፤ ፓፓስ አሩጋዳስ ይሉታል። ከሱ ጋር ሞሆ የሚባል ማባያ ይቀርባል። ቀዩ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከከሙን፣ ከዘይትና ከአቼቶ የሚሠራ ነው። አረንጓዴው የድምብላል ቅጠል አለው። አይፋጅም፤ ሚጥሚጣ በብልቃጥ ይያዝ።

አሁን የሚያስደስታችሁን ልንገራችሁ። በሶ አላቸው። ጎፊዮ ነው የሚሉት። እህሉን ቆልተው ይፈጩታል። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ደሴቶቹ ላይ የነበሩት፣ ከሰሜን አፍሪካ በርበሮች የሚዛመዱት ሰዎች፣ ከገብስ ይሠሩት ነበር። ዛሬ በቆሎና ስንዴም ይገባበታል። በውሃ ወይም በመረቅ አሽተው ሲጠቀልሉት ደግሞ ቁርጥ የኛ ጭብጦ ነው። ባለቤቴ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከረጢቱን አሽትታ «ይሄማ የእናቴ ጓዳ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ሻንጣችን አንድ ኪሎ ጎፊዮ ሳይዝ አይመለስም። ጾም ካልሆነ የፍየል አይባቸውን አትለፉት።

«ልጄ፣ ልጆቼ ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፣ ምን አያለሁ?»

እማማ፣ ብዙ ያያሉ። ቲማንፋያን አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያዩት። ሰሜን ላይ ሚራዶር ዴል ሪዮ የሚባል አለ፣ ገደል አናት ላይ የተሠራ ካፌ ነው። ቡናዎን ይዘው በትልቁ መስታወት ከታች ላ ግራሲዮሳ ደሴትን ያያሉ። ኩዌቫ ዴ ሎስ ቬርዴስ የተባለው ዋሻ ግን ይቅርብዎ። ደረጃ አለው፣ ጎንበስ ብለው የሚያልፉበትም አለ። ልጆችዎ ይግቡ። ድሮ የባሕር ወንበዴ ሲመጣ ሕዝቡ የሚደበቅበት ነበር። ውስጡ አንድ ምስጢር አለ፤ አስጎብኚው ለማንም አትንገሩ ብሎ ያስጠነቅቃል፣ እኔም አልናገርም።

«ፎቅ የሌለው ለምንድን ነው? ቤቱ ሁሉ ነጭ ነው።»

ሴሳር ማንሪኬ በሚባል የአሬሲፌ ተወላጅ ሠዓሊ ምክንያት ነው፣ በአብዛኛው። ቱሪዝም ሲመጣ ደሴቷ በሕንፃ እንዳትታፈን ተሟገተ፣ ተሰማም። ቤቶቹ ነጭ፣ በርና መስኮቱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ። ራሱ ቤቱን የሠራው ገሞራው ሲበርድ በተዋቸው አምስት አረፋ መሰል ዋሻዎች ውስጥ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሃሜዮስ ዴል አጉዋም የሱ እጅ ነው፦ ዋሻ ውስጥ ያለ ሐይቅ፣ ውስጡ ዓይን የሌላቸው ነጫጭ ጥቃቅን ሸርጣኖች። ሳንቲም አትጣሉ፣ ይገድላቸዋል። ማንሪኬ በ1992 በመኪና አደጋ ሞተ፣ ከዚያው ቤቱ አጠገብ።

«እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥቼ አብረን ብንሄድስ?»

የሸንገን ቪዛ ይበቃል፣ ካናሪም በዚያው ውስጥ ነው። ቪዛው የሚጠየቀው ብዙውን ቀን ከሚቆዩበት አገር ነው፤ አንተ ጋ ጀርመን የሚሰነብቱ ከሆነ ጀርመን። ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው። የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን አሠራሩን አጥብቆ፣ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ። ቪዛውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ስለዚህ በለንደን የሚያልፍ ርካሽ ትኬት አትግዛ። እግረ መንገድህንም ሞሮኮ ደርሰን እንመለስ አትበል። ከወጡ መመለስ የለም።

«እኔ ለንደን ነው ያለሁት፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው።»

ቪዛ ያስፈልግሃል። የእንግሊዝ ፈቃድ አያስገባም።

«ልጆቼ ዋና አይችሉም።»

ፕላያ ብላንካ ከተማ ውስጥ ያሉት ባሕር ዳርቻዎች ጸጥ ያሉ ናቸው። ፓፓጋዮም ያምራል፣ ግን መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ጥላም የለም፤ ውሃና ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። ፋማራን ለማየት እንጂ ለመዋኘት አታስቡት። ማዕበሉ ለሰርፈኞች ነው፣ ወደ ውስጥም ይስባል። ቀይ ባንዲራ ካያችሁ እግራችሁንም አታስገቡ።

«ሰዉ ቱሪስት ጠልቷል ይባላል፣ እውነት ነው?»

በኤፕሪል 2024 በካናሪ ደሴቶች በሙሉ ትልቅ ሰልፍ ወጥቷል። ቁጣቸው በቤት ኪራይ ነው፣ በውሃና በመሬት ነው። እኔን በግል ክፉ የተናገረኝ የለም። ግን እውነት አላቸው። ከተቻለ የነዋሪውን ምግብ ቤት ብሉ፣ ውሃ አታባክኑ።

«ለመታሰቢያ ትንሽ ጥቁር ድንጋይ ይዤ ብመጣስ?»

ክልክል ነው። አየር ማረፊያ ሻንጣ ውስጥ ሲያገኙ ይወስዱታል፣ ቅጣትም አለው። እኔ የምይዘው ከሃኑቢዮ የጨው ኩሬዎች የሚወጣ አንድ ከረጢት ጨው ነው። እዚያው በር ላይ ይሸጣሉ። ለድንቹ ይሆናል።