አባቴ «እኔ አላበድኩም» አሉ

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። መርካቶ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው፤ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠሩ ነው ያሳደጉን። እናቴ ካረፈች በኋላ ሜልበርን እኔ ዘንድ መጡ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ሐኪማቸው «ሜንስ ሼድ» የሚባል ቦታ ቢሄዱ እንደሚሻላቸው ስትነግራቸው «እኔ አላበድኩም» ብለው ተቆጡ። ቦታው ምንድን ነው? ማን ጀመረው?
ልጃቸው፣ ከፉትስክሬይ

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ልክ ናቸው፤ አላበዱም። «ሜንስ ሼድ» ማለት «የወንዶች ሼድ» ነው፤ ወንዶች ተሰብስበው በእጃቸው የሚሠሩበት ቤት እንጂ የሕክምና ቦታ አይደለም። አገር ቤት ሼድ ሲባል ወጣቶች ተደራጅተው የሚሠሩበት የቆርቆሮ ቤት ነው ትዝ የሚለን። የዚህ አገሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አውስትራሊያዊ ወንድ ጓሮው ውስጥ መጋዝና መዶሻውን የሚያስቀምጥበት፣ ሲመቸው ገብቶ የሚያንኳኳበት ቤት አለው። ጡረታ ወጥቶ ጠባብ ቤት ሲገባ ግን ጓሮውም ሥራውም አንድ ላይ ይቀሩበታል።

የጋራ ሼድ የታሰበው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ያሰበችው ደግሞ ሴት ናት፤ ለአባቷ እንደምታስብ ልጅ ይህን ብታውቂ ደስ ይለኛል። ማክሲን ኪቶ ትባላለች። በደቡብ አውስትራሊያ፣ ጉልዋ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ለአረጋውያን የሚዘጋጀው ፕሮግራም ወንዶቹን እንደማይስብ አየች። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያ «ዘ ሼድ» ተከፈተ፤ አልፍ ስቶክስ የሚባል ሰውም ያስተባብረው ጀመር። በ1998 ቪክቶሪያ ውስጥ ቶንጋላ ላይ ዲክ ማክጋዋን የመሠረተው «የወንዶች ሼድ» ተብሎ ተሰየመ። በ2007 አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ አውስትራሊያ ውስጥ ብቻ ከ1,000 በላይ አሉ፤ አየርላንድና እንግሊዝም ገብቷል።

ሼዶቹ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ወንድ ፊት ለፊት አያወራም፣ ጎን ለጎን ሆኖ ሲሠራ ነው የሚያወራው። እኔ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ታክሲ መንዳት ካቆምኩ በኋላ አንድ ሼድ ገባሁ። በመጀመሪያው ወር ከአንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ጋር የሕፃናት ወንበር በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልስ ነበር፤ አንዱን እግር እሱ፣ ሌላውን እኔ። ዓይኑን ከእንጨቱ ሳያነሣ «ሚስቴ ከሞተች በዚህ ሳምንት ሦስት ዓመት ሞላት» አለኝ። እኔም ወንድሜ ሲቀበር አገር ቤት አለመግባቴን ነገርኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ዝም አለ። ቆይቶ እኔ የያዝኩትን እግር በመዳፉ ዳሰሰና «እዚህ ጋ ገና ይሻክራል» አለኝ።

እድራችን ሐዘን ሲደርስ ይደርሳል፣ ያስተዛዝናል፤ ያለ እድር መኖር አልችልም። ግን ድንኳኑ ከተነሣ፣ ሰዉ ከተበተነ ከስድስት ወር በኋላ ብቻውን መስኮት ሥር የተቀመጠውን ሰው «ና፣ ይህን እንጨት ያዝልኝ» የሚለው ማን ነው? እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

የሃይማኖት ቦታ ነው ብለሽም አትስጊ፤ ማንም የየትኛውም እምነት ሰው ይገባል። አነስተኛ የአባልነት ክፍያ አለ፣ ሻይ ይፈላል፣ አንዳንዱ ጋ ነርስ መጥታ ደም ግፊት ትለካለች። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ የኤሌክትሪክ መጋዝ ከመንካታቸው በፊት ስለ ማሽኑ ያሳዩዋቸዋል፣ ይፈትኗቸዋል። ዕድሜ ልኩን አናጺ ለሆነ ሰው ይህ ሊከፋው ይችላል። ደንቡ ለሁሉም ነው በያቸው።

እንግሊዝኛው እንዳያሳፍራቸው የመጀመሪያውን ቀን አብረሻቸው ግቢ። «ይታከሙ» አትበያቸው። ከአገር ቤት ያመጡት መላጊያ ካለ ይያዙት፤ ቤት ውስጥ እግሩ የላላ ወንበር ካለም እሱን ይዛችሁ ሂዱ።